ቁጥር ዘጠኝ የተጻፈባቸው ሁለት ክዳኖች

ለክቡር ቼርማን ጎሊቻ
የሰፈራችን የንጽሕና ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሞያሌ፣ ኬንያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ባለፈው በእኔ ግቢ ውስጥ ሲጠቁም የዋለው ቀኝ እጅዎ ደኅና ነው ወይ? ቤተሰብዎ፣ በዳበል ያሉት ግመሎችዎና አብረዋቸው ያሉት እረኞች ሁሉ ደኅና ይሁኑልዎ። እኔ፣ በአስተዳደርዎ ጥላ ሥር የምኖረው የናኢማ እናት፣ ውሃ ከማጣቴ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ይህን ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቢሮዎ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ በመሆኑና እኔን እንግዳ የሚለኝ ባለመኖሩ፣ በምግብ ቤቴ በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። በሩ ከተዘጋ ወዲህ ጥሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወጥቶታል። በአማርኛ የጻፍኩትም ከድንበሩ ማዶ የሚመጡት ደንበኞቼ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ ምሳቸውን ለምን እንዳጡ አንብበው እንዲረዱልኝና ሰነፈች ብለው እንዳያሙኝ ነው። እርስዎ ደግሞ ባራዛ በሚሉት የሕዝብ ስብሰባ ሁሉ አራት ቋንቋ አቀላጥፌ አነባለሁ እያሉ ሲነግሩን ስለኖሩ፣ አንዱ ይኸው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔ ትምህርት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ የተለቃቀመ ነው። እንዲህ ያለ ጋዜጣ መጀመሪያና መጨረሻ የለውምና፣ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ከስኳሩ ጋር የተቀደደ ነው ብለው ይለፉልኝ።

ከመንገድ ቆሞ የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በሰፈራችን እያንዳንዱ ግቢ ከመሬት በታች ሁለት ጉድጓድ አለው። በላይ በኩል ያለው ቢርካ ነው፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ የወረደውን ዝናብ፣ ዝናቡ ሲጠፋም ከቦቴ የገዛነውን ውሃ የምናጠራቅመው እዚያ ነው። በታች በኩል ያለው ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱና የማጠቢያው ፍሳሽ የሚገባው እዚያ ነው። ሁለቱም በሲሚንቶ የተለሰኑ ናቸው፤ ክዳናቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም የሰፈሩን ክዳን ሁሉ የሠራው፣ ፉንዲ የምንለው ባለሙያ፣ የሚያወጣበት ቅርጽ አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ነበረን። በቢርካው ክዳን ላይ ፍየልና ሕፃን እንዳይወጣበት የግራር እሾህ ይደረጋል፤ በሴፕቲኩ ክዳን ላይ ደግሞ አሮጌ የመኪና ጎማ ይቀመጣል። ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ከቡቲዬ ያመጣኋት ፍየል እንኳ ግቢውን በረገጠች በማግስቱ እሾሁን ትታ ጎማው ላይ መተኛት ለምዳ ነበር። ኮሚቴው ውስጥ ግን ፍየል የለም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ሰማያዊው ቀለም አመሰግናለሁ። ከናይሮቢ እንግዶች ሊጎበኙን ነው በተባለ ጊዜ ባራዛ ጠርተው፣ ጎማ የድህነት ምልክት ነው፣ እሾህም የኋላ ቀርነት ነው፣ ሁለቱም ከየግቢው ይነሱ ብለው አዘዙ። ጎማውና እሾሁ ተነሥቶ ክዳኑ ሁሉ ሰማያዊ ተቀባ፤ በላዩም የቤቱ ቁጥር በነጭ ተጻፈ። የእኔ ቤት ቁጥር ዘጠኝ ስለሆነ በቢርካዬም ላይ ዘጠኝ፣ በሴፕቲኬም ላይ ዘጠኝ ተጻፈ። በሰው ፊት መናገር የማይሆንልኝ ሴት ብሆንም ያን ዕለት እጄን አውጥቼ፣ ቼርማን፣ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎም "ማማ ናኢማ፣ ቤትሽ አንድ፣ ቁጥርሽም አንድ ነው። አንድ ሰው ሁለት መታወቂያ ይይዛል እንዴ?" አሉኝ። ሕዝቡ ሲስቅ ደስ እንዳለዎት አይቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ የምንኖረው ድንበር ላይ ነው፤ ከሳቁት ሰዎች ግማሾቹ የሁለቱንም አገር መታወቂያ በኪሳቸው ይዘው ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ በረኪናው። በዚያው ባራዛ ሽታ የስንፍና ልጅ ነው ብለው፣ እያንዳንዱ ቤት በሴፕቲኩ ውስጥ አንድ ጀሪካን በረኪና እንዲያፈስ አዘዙ፤ ለአርአያነትም በራስዎ ግቢ ከአንድ በላይ አስፈሰሱ። እኔ አላፈሰስኩም። ባለቤቴ ገልገሎ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለትና፣ ታንኩን ሠርቶ የጨረሰ ዕለት መጀመሪያ የጨመረበት የታረደ ፍየል ፈርስ ነበር። ይህ ጉድጓድ ሆድ ነው፣ ሆድ ደግሞ በባዶው አይጀምርም ይል ነበር። እውነቱን ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ ግን እንደ ሆድ ያዝኩት። የድስት ቅባት ከመታጠቡ በፊት ተጠርጎ ይወጣል፤ ጨርቅና የሕፃን ዳይፐር አይገባበትም፤ ከባድ መኪና በላዩ አይቆምም፤ በየጊዜው ረጅም እንጨት ሰድጄ ዝቃጩ የት እንደደረሰ አያለሁ። ይህን የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ያደርጉታል፤ ሙያ አይባልም። በረኪና የጠጣ ሆድ ግን ምን እንደሚሆን አስቤ እምቢ አልኩ። እርስዎም በጉባኤ መካከል እምቢተኛ የሚል ማዕረግ ሰጡኝ። በሕይወቴ ከመንግሥት ወገን ያገኘሁት የመጀመሪያ ማዕረግ ስለሆነ በክብር ይዤዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ እንግዶቹ። መጡ፤ ክዳኖቹን ፎቶ አነሱ፤ አንዱንም ክፈቱልን አላሉም። አንዲት ወይዘሮ ብቻ ከሥሩ ምን እንዳለ ብትጠይቅዎ፣ "ልማት ነው" ብለው መለሱላት። ሄዱ።

አራተኛ፤ ይህኛው ረዘም ይላልና ወንበርዎ ላይ ተደላድለው ይቀመጡ። ጉብኝቱ ስለተሳካ ለሰፈራችን የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ተመደበ። እኔም ሴፕቲኬ ወደ መሙላቱ ስለነበር ከማንም ቀድሜ ስሜን አስመዝግቤ ነበር። መኪናው የመጣ ዕለት ግን ለቅሶ ለመድረስ ቡቲዬ ሄጄ ነበር፤ ቤት የነበረችው ልጄ ናኢማ ናት። እርስዎ ዝርዝሩን በግራ እጅዎ፣ ከዘራዎን በቀኝዎ ይዘው ከመኪናው ቀድመው ገቡና፣ ለበሩ ቅርብ ወደሆነው ክዳን ጠቆሙ። እሱ ቢርካዬ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከናኢማም፣ ቱቦውን ይዞ ከነበረው ከአዳኖም፣ በአጥር ላይ ሆነው ይሰሙ ከነበሩት ጎረቤቶችም ሰምቻለሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነገሩኝ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

"አባባ፣ ኧረ ይሄ የምንጠጣው ነው! የፍሳሹ እዚያ ታች ነው!" ብላ ናኢማ ክዳኑ ላይ ቆመች።

"ልጄ፣ ወረቀቱ ዘጠኝ ይላል። ክዳኑም ዘጠኝ ይላል። አንቺ ከሁለቱ ጋር ልትከራከሪ ነው?"

"ታችኛውም እኮ ዘጠኝ ይላል!"

"እንግዲያው ቅርብ ያለው ይቀድማል፤ ውረጂ።"

አዳኖ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ፤ ቀና ብሎም "ቼርማን፣ ይሄ እኮ አይሸትም" አለዎት።

"እንዳይሸት ሠርተን ነዋ! ከተማችን ጸዳች ማለት ነው። በል ሳብ!"

ክቡር ሆይ፣ ይህችን ንግግርዎን ከሰማሁ ወዲህ ደጋግሜ አስቤባታለሁ። ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ ከዓይኑ ይልቅ ወረቀቱን የሚያምን ሹም ብርቅ አይደለም። ከአፍንጫው ይልቅ ራሱን የሚያምን ሹም ግን ያየሁት በእርስዎ ነው።

ቱቦው ገና ከቁጥር ስምንት ሴፕቲክ የወጣና ያልታጠበ ነበር። ገብቶ ውሃዬን ይስብ ጀመር። መካከል ላይ እርስዎ ስልክ ሲያወሩ ጩኸቱ ስለረበሸዎት ሞተሩ እንዲጠፋ አዘዙ፤ ሞተሩ ሲጠፋ በመኪናው ሆድ ውስጥ የነበረው የጎረቤቶቼ ሁሉ ጓዳ በመጣበት ቱቦ ወደ ቢርካዬ ተመለሰ። አዳኖ ቱቦውን መንጭቆ ለማውጣት ሞክሯል፤ አልወቅሰውም። እኔ ከለቅሶው ስመለስ ናኢማ ክዳኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ባልዲ አውርጄ ስስበው ያየሁትን እዚህ አልጽፍም፤ በዚህ በር በኩል የሚያልፉ ሰዎች ምሳ ሊበሉ የሚሄዱ ናቸው፤ ሌላ ቤት ቢሆንም ይበሉ።

አምስተኛ፤ ስለ ፍትሕዎ። በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ፣ ሴፕቲኬ አሁንም ሙሉ ነው፣ መኪናው ይመለስልኝ ስልዎ፣ ቁጥር ዘጠኝ ተመጧል ተብሎ ስለተመዘገበ ዳግመኛ ሊመጠጥ እንደማይችል፣ ባዶ የሆነን ጉድጓድ ባዶ ማድረግ የሕዝብ ሀብት ማባከን መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። ገና ከቢሮዎ ሳልወጣም፣ ንጹሕ ውሃ የሌለው ምግብ ቤት መሥራት አይፈቀድም የሚል ትእዛዝ ፈርመው ሰጡኝ። ውሃዬን ያበላሸው እጅና ውሃሽ ቆሻሻ ነው ብሎ የፈረመው እጅ አንድ መሆኑ፣ እርስዎ ምን ያህል ሥራ እንደሚበዛብዎ ያሳያል። ሌላ ሰፈር ቢሆን ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ለጥቂት መስመር ምስጋናውን ላቁምና በቀጥታ ልናገር። ገልገሎ ያንን ቢርካ በዶማና በመሮ ከድንጋይ ነው የፈለፈለው። መሬታችን አለት መሆኑን ያውቃሉ። ድንጋዩን ሲፈለፍል አቧራው ሳል አስያዘው፤ ሳሉም እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ለእኔና ለናኢማ የተወልን ሌላ ነገር የለም። ምግብ ቤቴ የቆመው በዚያ ውሃ ላይ ነው፤ በደረቁ ወቅት ጎረቤቶቼ በየቦዳቦዳው፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ጀሪካን ሲያስጭኑ እኔ እሳቴን ሳላጠፋ የምከርመው በእሱ ነበር። ዝናቡ ገና ሩቅ ነው። ቢርካው ታጥቦ ካልሞላ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ እኔና ልጄ ቤቱን ዘግተን ኦቦ መንደር ያለው ወንድሜ ዘንድ ጥገኛ ሆነን መግባታችን ነው። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቢርካዬ ተመጥጦ፣ ከላይ እስከ ታች ተፈግፍጎ፣ በንጹሕ ውሃ ይሙላልኝ፤ ሴፕቲኬም ይመጠጥልኝ። ከዚህ በላይ አንዲት ጭልፋ አልጠይቅም። ይቅርታ ይጠይቁኝም አላልኩም፤ ይቅርታ ከማያውቁት ቋንቋ አንዱ ከሆነ አላስቸግርዎትም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ስድስተኛ፤ ሰፈሩን አንድ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ገልገሎ በሕይወት ሳለ በአጥር ድንበር የተጣላን፣ በዶሮ የተኳረፍን፣ ለዓመታት ሰላምታ የተነፋፈግን ጎረቤቶች ነበርን። የቢርካዬ ነገር ከተሰማ ወዲህ ግን ቁጥር ሰባትም ቁጥር ዐሥራ አንድም በየጀርባቸው ጀሪካን እየያዙ መጥተው በሬ ላይ አስቀምጠውልኛል። ጎማውም ተመልሷል። በሰማያዊው ቀለምዎ ላይ፣ በነጩ ቁጥር ላይ፣ ሰው ሁሉ አሮጌ ጎማውን መልሶ አስቀምጧል፤ በቢርካዎቹም ላይ እሾሁ ተመልሷል። ከላይ ከመንገዱ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሰፈሩ እንደ ድሮው ኋላ ቀር ሆኖ አምሮበታል። ጎማና እሾህ የሌለበት አንድ ግቢ ብቻ ቀርቷል፤ የእርስዎ። መሪ ሁልጊዜ ከሕዝቡ ቀድሞ መገኘቱ የታወቀ ነው።

ሰባተኛ የሚለውን ለወደፊቱ ውለታዎ ባዶ ትቼዋለሁ።

ጠቋሚ እጅዎ እንዳይዝል፣ ወረቀትዎ እንዳያልቅ፣ አፍንጫዎም እንደ እስከ ዛሬው ከማንኛውም እውነት ተጠብቆ እንዲኖር እየጸለይኩ፣ ጥላዎ ከግቢዬ እንዲርቅ፣ ጸጋዎ ግን በቢርካዬ ልክ ቶሎ እንዲደርሰኝ በትሕትና እየለመንኩ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከተዘጋው በሬ ሥር ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

በጉባኤ እምቢተኛ የሚል ማዕረግ የተሰጣት፣
ምንታምር፣ የናኢማ እናት፣
የገልገሎ ሚስት የነበረች፣
የቁጥር ዘጠኝ እና የቁጥር ዘጠኝ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የውሃ ቦቴ ከአጥሬ ማዶ ወዳለው ግቢዎ ሲገባ አየሁ። በሁለቱም ክዳኖችዎ ላይ፣ ለክብርዎ እንደሚገባ፣ ቁጥር አንድ ተጽፏል። ሾፌሩ የቱ ነው ሲልዎ በከዘራዎ ወደ ታችኛው ጠቆሙ። በግቢዎ ውስጥ ከክዳን አጠገብ ደርሰው ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም። ዝም ብል ደግሞ ለኅሊናዬ ነውር ስለሚሆን፣ በአጥሩ ላይ አንገቴን አውጥቼ "ቼርማን፣ እሱ አይደለም! የውሃው ያኛው ነው!" ብዬ ጮህኩ። እርስዎም "ማማ ናኢማ፣ አንቺ ወደ ድስትሽ!" አሉኝ። ሾፌሩ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ቢያሸት የበረኪና ሽታ ስላገኘ "ክሎሪን አድርገውበታል፤ እንዲህ ነው እንጂ የተማረ ሰው!" ብሎ አመስግኖዎ ቦቴውን እስከ ጠብታው አራገፈው። እኔም ወደ ድስቴ ተመለስኩ፤ ባዶ ስለነበር ብዙ አልቆየሁም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቧንቧዎ ውሃ አልሰጥ ብሎ፣ ፉንዲ ጠርተው የቢርካውን ፓምፕ ሲያስፈቱ አየሁ። እባክዎ ፉንዲውን አይቆጡት፤ ፓምፑ ጤነኛ ነው። በመጸዳጃ ቤትዎ በኩል ወደ ሳሎኑ የሚመጣ ነገር ካለም አይደንግጡ፤ አለመሽተት ከተማ ጸዳች ማለት ከሆነ መሽተት ምን ማለት እንደሆነ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስንበት። እኔ በበኩሌ ከአጥርዎ ሥር አንድ አሮጌ ጎማ አስቀምጬልዎታለሁ። በየትኛው ክዳን ላይ እንደሚደረግ ካላወቁ ናኢማን ይጠይቋት። ባለፈውም ነግራዎት ነበር።